የጤነኛ ሰው ልክ

[የሆስፒታል ላቦራቶሪ። ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ከፍ ያሉ በርጩማዎች፣ ግድግዳውን ታኮ የተዘረጋ ረጅም ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ግራጫ ማሽን ተቀምጣለች፤ ሥራዋ የሰው ደም ምን ያህል ሲበርደው በረዶ እንደሚሆን መለካት ነው። ጥግ ላይ ባለ ቧንቧ የመጠጥ ውሃ ጀሪካን አለ። ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አንጋፋው ቴክኒሻን ነው፤ ሰው ሁሉ «ሊቁ» ይለዋል፤ እሱ ለክብሩ ይመስለዋል። ሌላው ናሙና ከየክፍሉ እያመላለሰ፣ ብልቃጥ እያጠበ አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ሠራተኛ ነው። ሲናገርም ሲራመድም ስለማይቸኩል «ቀስታ» ብለውታል፤ እሱስ ለምን እንደተባለ ያውቃል። ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ጭቅጭቁ ተጀምሯል።]

ሊቁ፦ እኮ፣ ውሃው የት ገባ?

ቀስታ፦ የቱ ውሃ ጋሼ?

ሊቁ፦ ይሄ ነዋ! አንድ ሰዓት ላይ ስገባ ጀሪካኑ እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር። እስቲ አሁን አንሳው። አንሳው እንጂ! ላባ ሆኗል።

ቀስታ፦ [አንስቶ መልሶ ያስቀምጣል] እውነት ነው፤ ቀሎታል።

ሊቁ፦ ታዲያ ማን ወሰደው?

ቀስታ፦ እኔ እኮ ገና አሁን መግባቴ ነው። ኮቴንም አላወለቅኩም።

ሊቁ፦ እሱ ነው የሚያሳዝነው! ሳትገባ እንዲህ ካደረግክ፣ ገብተህማ ቧንቧውንም ትነቅለዋለህ። [ብርጭቆ ሞልቶ ባንድ ትንፋሽ ይጨልጣል፤ ደግሞ ይሞላል] ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብዬ አይቼሃለሁ። በቀን ሁለቴ ተሞልቶ በቀን ሁለቴ የሚያልቅ ውሃ ተሰምቶ ያውቃል? እዚህ ግመል አናረባ!

ቀስታ፦ ምናልባት ቧንቧው የሚያንጠባጥብ እንደሆነ...

ሊቁ፦ ወለሉ ደረቅ ነው። ተንበርክኬ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ውሃው ከዚህ ክፍል አልወጣም። የት እንዳለ ልንገርህ?

ቀስታ፦ ቢነግሩኝ።

ሊቁ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] የበሽተኛው ደም ውስጥ።

[ቀስታ ወደ ናሙናው መደርደሪያ ዞር ይላል። ብልቃጦቹ እንደ ሁልጊዜው በረድፍ ቆመዋል፤ እያንዳንዷ ትንሽ ጣት ብታክል ነው። ያ ሁሉ ውሃ በእነዚህ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ በልቡ ሊያሰላ ሞከረና ተወው።]

ቀስታ፦ ማን ከተተው?

ሊቁ፦ አንተ!

ቀስታ፦ እኔ?

ሊቁ፦ ናሙና ከየክፍሉ የሚያመጣው ማነው? አንተ። ብልቃጥ የሚያጥበው ማነው? አንተ። መንገድ ላይ ይደፋብሃል፤ ሲጎድልብህ ትደነግጣለህ፤ ጠብ ጠብ አድርገህ በውሃ ትሞላዋለህ። ማሽኗ አጋለጠችህ! [ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ጠፍ ያደርገዋል] አንብብ።

ቀስታ፦ [ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ] «ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ሠራተኛ የታካሚዎችን ናሙና በውሃ በማበላሸት ከባድ ጥፋት የፈጸመ በመሆኑ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከላቦራቶሪ ተነስቶ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንዲዛወር...» [ቀና ይላል] ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ?

ሊቁ፦ አንተ ነህ። ውሃ ከወደድክ ውሃ ወዳለበት ሂድ ብዬ ነው። የቀረው የኃላፊያችን የዶክተሯ ፈቃድ ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ትደውላለች።

[ቀስታ ወረቀቱን እንደገና ያነበዋል። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ ከጧት እስከ ማታ እንፋሎት ነው። ቀስታ ደግሞ ደረቱ ደካማ ነው፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ወር ተኝቶ ሲነሳ ሐኪሙ እርጥበት እንዳይደርስበት አስጠንቅቆታል። ደነገጠ። ግን የሚደነግጠውም በቀስታ ስለሆነ ድንጋጤው ፊቱ ላይ ገና አልደረሰም።]

ቀስታ፦ ደረቴን ያውቁታል ጋሼ። እዚያ እንፋሎት ውስጥ አንድ ክረምት አልዘልቅም።

ሊቁ፦ ይሄን ውሃ ስትጨምር ነበር ማሰብ! ሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!

ቀስታ፦ እሺ። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ያስረዱኝ። አሥራ አንድ ዓመት ተሸከምኩት እንጂ እዚህ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ማሽኗ ውሃ መግባቱን በምን አወቀች?

[የሊቁ ፊት ወገግ አለ። «አስረዳኝ» ያለውን ሰው፣ ጠላቱም ቢሆን፣ ከደጁ መልሶ አያውቅም።]

ሊቁ፦ ቁጭ በል። ሰው ሳያውቅ መባረር የለበትም። ንጹሕ ውሃ መቼ ነው በረዶ የሚሆነው?

ቀስታ፦ ሲበርደው።

ሊቁ፦ ዜሮ ዲግሪ ላይ! ዜሮ! ውሃው ውስጥ ጨው ብታሟሟበትስ?

ቀስታ፦ ጨው ጨው ይላል።

ሊቁ፦ በረዶ መሆኑ ይዘገያል! ከዜሮ በታች ካልወረድኩ በረዶ አልሆንም ይላል። የሟሟው ነገር በበዛ ቁጥር የሚፈልገው ብርድም ይብሳል። ለምን?

ቀስታ፦ ጨው ደመ ሞቃት ስለሆነ?

ሊቁ፦ ወይ አንተ! ውሃ በረዶ ለመሆን ሰልፍ ይዞ መቆም አለበት። ጨዉ መሃል እየገባ ሰልፉን ያፈርስበታል።

ቀስታ፦ እንደ ካርድ ክፍሉ ሰልፍ።

ሊቁ፦ አዎ! የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ለምን አይረጋም? መሃል የሚገባ ስለሚበዛ ነው። ደም ደግሞ ሲረጋ ቀዩ ከሥር ይዘቅጣል፤ ከላይ ቢጫ ውሃ የመሰለ ይቀራል፤ ሴረም ይባላል። ሴረም ውስጥ ጨው አለ፣ ስኳር አለ፣ ሌላም ሌላም የሟሟ ነገር አለ። ስለዚህ የጤነኛ ሰው ሴረም ከዜሮ በታች ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ አልፎ ካልወረደ በረዶ አይሠራም። ማሽኗ ታቀዘቅዘዋለች፣ ትኮረኩመዋለች፣ በረዶ ሲሆን የሟሟውን ነገር ብዛት በቁጥር ትሰጥሃለች።

ቀስታ፦ መኮርኮሙ ለምንድነው?

ሊቁ፦ አንዳንዱ በርዶትም ግትር ነው። ካልተመታ በረዶ መሆን እንዳለበት አያምንም።

ቀስታ፦ [ሊቁን ከላይ እስከ ታች እያየ] አሉ፣ እንደዚህ ዓይነት።

ሊቁ፦ ቁጥሩ ሁለት መቶ ዘጠና አካባቢ ከሆነ ሰውዬው ጤነኛ ነው። ከበለጠ የሟሟ ነገር በዝቶበታል። ካነሰ ውሃ በዝቶበታል፤ ቶሎ በረዶ ሆኗል ማለት ነው። ገባህ?

ቀስታ፦ ብዙ የሟሟ፣ ትልቅ ቁጥር። ብዙ ውሃ፣ ትንሽ ቁጥር።

ሊቁ፦ ተመስገን! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አንተ ግን አሥራ አንድ ዓመት እዚያው እንቁላል ነበርክ። እንግዲህ ስማ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ የመቶ አርባ ሰው ደም ለካሁ። መቶ አርባውም ውሃ ነው! ሁለት መቶ ስልሳ ስድስት፣ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት... ለምልክት እንኳ አንድ ጤነኛ የለም።

ቀስታ፦ ለመንጃ ፈቃድ ምርመራ የመጡት ሹፌሮችም?

ሊቁ፦ ውሃ!

ቀስታ፦ ያ እግሩ ተሰብሮ የመጣውም?

ሊቁ፦ እሱም ውሃ! ምን አንሸራትቶት የተሰበረ ይመስልሃል?

ቀስታ፦ [ራሱን ይነቀንቃል] አሃ። ለካ ለዚህ ነው።

ሊቁ፦ ምኑ?

ቀስታ፦ ፎቅ ያሉት ሐኪሞች የእርስዎን ቁጥር እያዩ ለበሽተኛው ሁሉ ውሃ ከለከሉ። ናሙና ልቀበል ስገባ ሰው ሁሉ እጄን ነው የሚያየው፣ ብርጭቆ የያዝኩ እየመሰለው። ትናንት አንዲት እናት «ልጄ፣ ያን የአበባ ማስቀመጫ አቀብለኝ» አሉኝ። ሊያሸቱት መስሎኝ ሰጠኋቸው።

ሊቁ፦ እና?

ቀስታ፦ አበባው ማታ ከሥራ ስወጣ ጠውልጎ ነበር።

ሊቁ፦ ሕክምና ነው! ውሃ የበዛበት ሰው ውሃ ይከለከላል። ትንሽ መታገሥ ነው፤ የዛሬ ሰው ትዕግሥት የለውም። [ብርጭቆውን ይጨልጣል] እፎይ። ምን ዓይነት ወበቅ ነው ዛሬ?

ቀስታ፦ መስኮቱ ላይ ውርጭ አለ ጋሼ።

ሊቁ፦ ላላዋቂ ነው ውርጭ የሚታየው። መጣሁ። [እየሮጠ ይወጣል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ድው ሲል ይሰማል።]

[ቀስታ ብቻውን ቀረ። መዝገቡን ገለጥ አደረገ። ማንበብ ላይም ዘገምተኛ ነው፤ ነገር ግን ዘገምተኛ ሰው የሚዘለው መስመር የለም። በየሰኞው፣ ከታካሚዎቹ ዝርዝር በላይ፣ አንድ ስም የሌለው መስመር አየ። «ጤነኛ፣ 290» ይላል። ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ፤ ፈቅ ሳይል።]

ሊቁ፦ [ቀበቶውን እያጠበቀ ይገባል] የት ደረስን?

ቀስታ፦ ይሄ ሰኞ ሰኞ የሚመጣ ጤነኛ ማነው? መቶ አርባ ሰው ሲታመም እሱ ብቻ ንቅንቅ አላለም።

ሊቁ፦ [ኮሌታውን ያቃናል] እኔ ነኛ።

ቀስታ፦ እርስዎ?

ሊቁ፦ ማሽን ልክ ያስፈልጋታል። ፋብሪካው ለዚህ የሚሆን ፈሳሽ ይልካል፤ መጠኑ የታወቀ፣ ማሽኗን የምታስተካክልበት። ግን እሱን ማዘዝ አለ፣ መጠበቅ አለ፣ መፈረም አለ። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ የራሴን ደም ቀድቼ ማሽኗን በራሴ አስተካክላታለሁ። ፋብሪካ ምን ያደርግልኛል? ልክ ካስፈለገ ልክ ይኸው ቆሟል!

ቀስታ፦ ማሽኗስ እሺ ትላለች?

ሊቁ፦ ድሮ እሺ ነበረች። አሁን አርጅታለች። ስድስት ሳምንት ሆናት መዘባረቅ ከጀመረች። የእኔን ደም ስሰጣት አንዴ ሦስት መቶ፣ አንዴ ሦስት መቶ አሥር ትለኛለች። ጆሮዋን እጠመዝዝላታለሁ። [በማሽኗ ጎን ያለችውን መዞሪያ ያሳያል] ሁለት መቶ ዘጠና እስክትል አዞራለሁ። ዛሬም ጧት ትንሽ አስቸግራኝ ነበር።

ቀስታ፦ ስድስት ሳምንት።

ሊቁ፦ ስድስት ሳምንት።

ቀስታ፦ ጀሪካኑም ማለቅ ከጀመረ ስድስት ሳምንት።

ሊቁ፦ አዎ።

ቀስታ፦ በሽተኛውም ውሃ መሆን ከጀመረ...

ሊቁ፦ ስድስት ሳምንት! ሦስቱም አንድ ሰሞን! አሁን ገባህ?

ቀስታ፦ ሊገባኝ ነው። እየመጣ ነው።

ሊቁ፦ በሦስቱም የአንተ እጅ አለበት! ማሽኗን ሳይቀር አበላሽተሃታል ማለት ነው። እንዲያውም ደብዳቤው ላይ እጨምራለሁ።

ቀስታ፦ ይጨምሩ። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ይፈትኑኝ። የእኔን ደም በራስዎ እጅ ይቅዱ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ እቀመጣለሁ። ውሃ የምጨምረው እኔ ከሆንኩ፣ እጄ ያልነካው ደም ልክ መሆን አለበት።

ሊቁ፦ [ይስቃል] በገዛ ምላስህ ገመድህን ገመድክ! አምጣ ክንድህን።

[ደሙ ተቀዳ። እስኪረጋና በማሽከርከሪያው ተሽከርክሮ ቢጫው እስኪለይ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ቀስታ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ሊቁ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ይጠጣል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል። ቆይቶ ከናሙና ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከሰው ደም ጎን፣ የራሱን ለስላሳ መጠጥ አወጣ።]

ቀስታ፦ ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ ምግብና መጠጥ ክልክል ነው የሚል ተለጥፏል።

ሊቁ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሰው የለጠፈውን አይከለከልም። ይልቅ እየው፤ ለማስተማሪያ ይሆነኛል። ይሄንና አንድ ብርጭቆ ውሃ እኩል ሰዓት ነው ያስገባሁት። ውሃው ላዩ በረዶ ይዟል። ለስላሳውስ?

ቀስታ፦ ይንቦጫቦጫል።

ሊቁ፦ ለምን?

ቀስታ፦ ሰልፉ ፈርሶበት።

ሊቁ፦ ማን አፈረሰው?

ቀስታ፦ እንጃ። ጨው የለበት።

ሊቁ፦ ስኳር! ስኳርም እንደ ጨው ነው፤ ከሟሟ አይመለስም። [ለስላሳውን ጨልጦ አፉን ይጠርጋል] አሁንም ጠማኝ እኮ! ጣፋጭ ሲጠጡት ያስጠማል መሰለኝ።

ቀስታ፦ ታዲያ ለምን ይጠጡታል?

ሊቁ፦ ስለጠማኝ ነዋ! አንተ ደግሞ ጥያቄህ ሁሉ የሕፃን ነው።

[አርባው ደቂቃ ሞላ። ሊቁ ከቀስታ ሴረም ጥቂት ቀድቶ ማሽኗ ውስጥ አስገባ። ማሽኗ ታጉረመርማለች፤ ዝም ትላለች፤ ቷ! ትኮረኩማለች።]

ሊቁ፦ ሁለት መቶ... ስልሳ ስድስት።

ቀስታ፦ ውሃ ነው?

ሊቁ፦ ውሃ ነው!

ቀስታ፦ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሊቁ፦ [አንዴ ማሽኗን አንዴ ቀስታን ያያል] ይሄማ... ይሄማ አፈጣጠርህ ነው! ድሮም ያለ ነገር አልተንቀረፈፍክም። ደምህ ራሱ ውሃ ነው!

ቀስታ፦ መቶ አርባውስ?

ሊቁ፦ ከአንተ ተጋብቶባቸው! ናሙናቸውን ስትሸከም።

ቀስታ፦ ብልቃጡ ተከድኖ?

ሊቁ፦ በትንፋሽ!

ቀስታ፦ እንግዲያው ያልተነፈስኩበት ነገር እንለካ። [ተነስቶ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠገበ ካርቶን ይጎትታል] ይሄ የፋብሪካው ፈሳሽ ነው። ባለፈው ወር የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ «ወደዚያ ጣለው» ብለውኝ እዚህ ጣልኩት። እንደታሸገ ነው። ላዩ ላይ ስንት ይላል?

ሊቁ፦ [ብልቃጧን ያስጠጋል፣ ያርቃል፣ መነጽሩን ይጠርጋል] ሁለት... ጽሑፉ ደብዝዟል።

ቀስታ፦ ቁልጭ ብሎ ሁለት መቶ ዘጠና ይላል። ሰሞኑን ዓይንዎም...

ሊቁ፦ ዓይኔ ደህና ነው! ቀለሙ ነው የሰነፈው። አምጣ ወዲህ።

[እሽጉን ይሰብራል። ይለካል። ቷ!]

ሊቁ፦ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት።

[ጀሪካኑ አንዲት ጠብታ ጠብ ያደርጋል።]

ሊቁ፦ ሌቦች!

ቀስታ፦ እነማን?

ሊቁ፦ ፋብሪካው! እነሱም ውሃ ይጨምራሉ! ከእንግዲህ ማን ይታመናል? ለእነሱም ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ቀስታ፦ እነሱንም ወደ ልብስ ማጠቢያ?

ሊቁ፦ አትቀልድ! ዓለም ውሃ ሆኖ አንተ ትቀልዳለህ።

ቀስታ፦ አይቆጡና ቀስ ብዬ ልቁጠር። በሽተኞቹ መቶ አርባ፤ ውሃ። እኔ፤ ውሃ። ፋብሪካው፤ ውሃ። ደህና የቀረው አንድ ሰው ነው።

ሊቁ፦ እኔ!

ቀስታ፦ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲሄድ አንድ ሰው ብቻ ወደ ታች ቢሄድ፣ መንገድ የሳተው ማነው ጋሼ?

ሊቁ፦ ሰውዬው እኔ ከሆንኩ ሕዝቡ ነዋ!

ቀስታ፦ እሺ፣ ይሁን። ለጨዋታ ያህል ግን ማሽኗን አንዴ በፋብሪካው ፈሳሽ ያስተካክሏት። ከዚያ ዛሬ ጧት የቀዱትን የራስዎን ደም ይስጧት። ልክ ከሆኑ ልክ ነዎት፤ እኔም ደብዳቤዬን ይዤ እወርዳለሁ። ካልፈሩ ነው ታዲያ።

ሊቁ፦ እኔ? ደሜን ልፍራ? ይኸው! [መዞሪያዋን ወደ ኋላ ያዞራል፤ እያዞረም ይሳደባል]

[ማሽኗ ለፋብሪካው ፈሳሽ ሁለት መቶ ዘጠና አለች። ለቀስታ ሴረም ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት አለች። ሊቁ ጉሮሮውን ጠራርጎ የራሱን አስገባ። ማሽኗ አቀዘቀዘች፣ አጉረመረመች፤ ቷ! ሊቁ ቁጥሩ እንደበራ በአውራ ጣቱ ሸፈነው።]

ቀስታ፦ ስንት ነው?

ሊቁ፦ ገና ነው።

ቀስታ፦ በርቷል እኮ። ጣትዎን ያንሱ።

ሊቁ፦ ጣቴ ደንዝዞብኛል።

ቀስታ፦ [ጣቱን ቀስ አድርጎ ያነሳለታል] ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ጋሼ፣ ትንሽ ቁጥር ብዙ ውሃ ነበር ያሉኝ። ትልቅ ቁጥር ምን ነበር?

ሊቁ፦ ...የሟሟ ነገር በዝቷል።

ቀስታ፦ ምን ምን ነበር የሚሟሟው? አንዱ ጨው ነው።

ሊቁ፦ ጨው ነው።

ቀስታ፦ ቀጥሎስ?

[ሊቁ ሊጠጣ ያነሳውን ብርጭቆ አየር ላይ ይዞ ቀረ። አንዴ ብርጭቆውን አየው፤ አንዴ ባዶውን የለስላሳ ጠርሙስ አየው።]

ቀስታ፦ ለተለማማጆቹ ሲያስተምሩ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ መክሳት» ይሏቸው ነበር። እኔ ዘገምተኛ ስለሆንኩ ነው እንጂ ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ሊቁ፦ አልከሳሁም። ቀበቶዬ ነው የሰፋው።

[ቀስታ ከመሳቢያ ትንሿን የስኳር መለኪያ አወጣ። ሊቁ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ አሁን ጣቱን ዝም ብሎ ሰጠ።]

ቀስታ፦ አራት መቶ ሰማንያ።

ሊቁ፦ [በለሆሳስ፣ ተስፋ እያደረገ] ይቺም ተበላሽታ ይሆን?

ቀስታ፦ [የራሱን ጣት ይወጋል] እኔን ዘጠና አምስት ትለኛለች።

[ሊቁ በርጩማው ላይ ዝግ ብሎ ተቀመጠ። ቀስታ አዘነለት፤ ስምንት ዓመት ራሱን የሰው ሁሉ ልክ አድርጎ የኖረ ሰው ባንድ ጧት በሽተኛ ሆኖ ሲያዩት አንጀት ይበላል። ትንሽ ደስም ብሎታል፤ መካድ አይቻልም። ደብዳቤው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው።]

ሊቁ፦ ታዲያ መቶ አርባው...

ቀስታ፦ ከመካከላቸው የታመመ ይኖራል። ውሃ ግን አልበዛባቸውም። የእርስዎን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት «ሁለት መቶ ዘጠና በይ» ሲሏት፣ የሰውን ሁሉ ቁጥር አብራ ዝቅ አደረገችው። አሁንማ ጭራሽ አንሷቸዋል።

ሊቁ፦ በእኔ?

ቀስታ፦ እናቴ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ትል ነበር። እርስዎን አላወቀችዎትም እንጂ።

[ስልኩ ይጮሃል። አራት ሰዓት ነው። ሊቁ ሲያነሳው ድምፁ ወዲያው ይወፍራል።]

ሊቁ፦ አቤት ዶክተር! ... አዎ፣ ተደርሶበታል። ... እኔ ነኝ የደረስኩበት። ዛሬ ባደረግሁት ጥልቅ ምርመራ መቶ አርባዎቹ ታካሚዎች ውሃ እንዳልበዛባቸው አረጋግጫለሁ። ባንድ ጧት መቶ አርባ ሰው አዳንኩ ቢባል ማጋነን አይሆንም! ... አብሮ ደስ ይበለን። ... ጥፋቱ? ጥፋቱ ማሽኗ የተስተካከለችበት ልክ ነው። ... የማን ልክ? [ቀስታን ያያል፤ ቀስታ መስኮቱን ያያል] ሃሎ? ዶክተር፣ መስመሩ ይቆራረጣል። እዚህ አንድ ሠራተኛ አለ፤ እሱ ያስረዳዎታል። [ስልኩን እንደ ፍም ያቀብለዋል]

ቀስታ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ... የለም፣ መስመሩ ደህና ነው። ... አዎ፣ በራሳቸው ደም ነበር የሚያስተካክሏት። ... ስድስት ሳምንት። ... አራት መቶ ሰማንያ። ... አሉ፣ እዚሁ ተቀምጠዋል። ... እሺ፣ አነብልዎታለሁ። [ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አንዲት ቃል ሳይዘል፣ ሳይቸኩል ያነባል። ከዚያ ያዳምጣል] እሺ። ... እሺ ዶክተር። [ስልኩን ያስቀምጣል]

ሊቁ፦ ምን አለች?

ቀስታ፦ ደብዳቤው እንዳይቀደድ ብለዋል።

ሊቁ፦ [ነፍሱ መለስ ይላል] አላልኩህም? እኔ ያለ ጥፋት ደብዳቤ አልጽፍም!

ቀስታ፦ ስሙ ብቻ ይቀየር ብለዋል። [ብዕር ያነሳል] «በውሃ» የምትለዋ ትውጣ፤ «ልብስ ማጠቢያ» የሚለውም ይሰረዝና «ተኝቶ መታከሚያ» ይባል። ሌላው እንዳለ ይጸናል።

ሊቁ፦ ሌላው ምን ይላል?

ቀስታ፦ «ከባድ ጥፋት የፈጸመ በመሆኑ»፣ «ከዛሬ ጀምሮ»፣ «ከላቦራቶሪ ተነስቶ»።

ሊቁ፦ [ወደ ወረቀቱ አንገቱን አስግጎ] አጻጻፉ ግን አይከፋም።

ቀስታ፦ በጣም ያምራል። አንድ ቃል መጨመር አላስፈለገም። [ጽፎ ይጨርሳል፤ ክንዱን ይሰጠዋል] ይነሱ ጋሼ፣ ላድርስዎት። አልጋ አዘጋጅተዋል፤ ተሽለው ሲነሱ ደግሞ ስለ ሥራው ያነጋግሩዎታል።

[ሊቁ ክንዱን ይዞ ይነሳል። የቀስታን እርምጃ ተከትሎ ቀስ እያለ በሩ ድረስ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ከንፈሩን በምላሱ እያራሰ ይቆማል።]

ሊቁ፦ ስማ እስቲ ወንድሜ... ላይ ፎቅ ውሃ ይሰጣሉ?

ቀስታ፦ ከዛሬ ጀምሮ ይሰጣሉ ጋሼ።